ቁርበት ልብሷ

በሃያ ስድስት ዓመቴ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ስል ቆሰበር መናኸሪያ ያሉት የባጃጅ ሾፌሮች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከዓሣ ሥራ ወጥቶ ባጃጅ መንዳት የጀመረ ሰው ከዓሣው ጡረታ ካልወጣ ምን ወጣ ይባላል? አሁንም አንዳንዱ ተሳፋሪ ከኋላዬ ተቀምጦ አፍንጫውን ሲይዝ በመስተዋቱ አየዋለሁ። ያልሞከርኩት ሳሙና የለም። ለእኔ ግን አይሸተኝም።

ከሽታው ይልቅ የሚያስጠይቀኝ ጣቴ ነው። የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ጫፉ ተጎርዶ፣ የቀረውም እንደ ደረቀ ቅጠል ተቆልምሟል። በቀደም ከጥርባ ያሳፈርኳት አንዲት ሴትዮ አይታው፣

«ምነው ልጄ፣ ሞተር በላሽ?» አለችኝ።

«ኤሊ ናት የነከሰችኝ።»

«ኤሊ? ድንጋይ ልብሱ?» ሳቋ ከባጃጁ ውጭ ተሰማ። «እሷ መቼ ደርሳ ነክሳ! ቆመሽ ጠበቅሻት እንዴ?»

ቀልዷ ጥሩ ስለነበር አብሬያት ሳቅሁ። እስክትወርድ ድረስም አስረዳኋት፤ ያመነችኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ልጻፈው። የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ሽማግሌዎች ናቸው ይባላል፤ እኔ ሽበት እስኪመጣ የምጠብቅበት ትዕግሥት የለኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ደግሜ እንድፈተን ፈለገች። ቁጭ ማለት ደግሞ ከልጅነቴም አይሆንልኝም። ዳንግላ ውስጥ ዓሣ የሚነግዱ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ጃዊ የሚልኩት ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። እትዬ ብርቄ ምላሳቸው ከዓሣ ቢላዋ የሚሰላ፣ ወገባቸውን በመቀነት አጥብቀው የሚውሉ ሴት ናቸው።

«ዓሣ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«በልቼም አላውቅ።»

«ጥሩ ነው፤ አትበይብኝም።»

ቅጥሩ ይኸው ነበር። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ።

ጃዊ ቆላ ነው። ከቆሰበር ብርድ ተነሥቼ በለስ ወንዝ ዳር ስወርድ የለበስኩት ሹራብ ላዬ ላይ ሊቀልጥ ምንም አልቀረው። ሥራዬ ዓሣውን መመዘን፣ ሆድቃውን አውጥቶ በበረዶ ሳጥን መደርደርና ወደ ዳንግላ መጫን ነበር። መረቡን የሚጥሉት አያ ደምሌ ናቸው። አያ ደምሌ የዚገም ሰው ናቸው፤ ደጋ ተወልደው ዕድሜያቸውን ቆላ የጨረሱ። ታንኳ የላቸውም። በተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ላይ ሳንቃ አስረው፣ እሱ ላይ ተቀምጠው ይቀዝፋሉ። መረብ ሲጠግኑ ቋጠሮውን የሚቆጥሩት በአገውኛ ነው፤ ሲቆጡ ግን በአማርኛ። እኔ ሁለቱንም ስለምሰማ ማምለጫ አልነበረኝም።

ዓሣ ማወቅን ከእሳቸው ተማርኩ። የሚተነፍስበት ስንጥቡ ደም የመሰለ፣ ዓይኑ ጎላ ያለ፣ ሆዱን ስትጫኚው ጣትሽን የሚመልስ ከሆነ ትኩስ ነው። ሌላ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ በመጀመሪያ ያሳቀኝ እሱ ነው። ከውሃ የወጣ ማናቸውንም ነገር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውሃ ውስጥ ይነክራሉ። ወደ ውሃ የሚመልሱትን ጫጩት ዓሣ ቢሆን እንኳ። እኔ በደረቅ እጄ አንዱን ብድግ ሳደርግ፣

«ተይ!» አሉኝ። «ደረቅ እጅ ለውሃ ልጅ እሳት ነው። ልብሱ ላይ ያለውን ማለስለሻ ትገፊበታለሽ።»

«እንደ ቄስ እጅ መታጠብ ሆነ እኮ፣ አያ።»

«ታጠቢ እንግዲያ፣ ዲያቆን።»

ከዚያ ወዲህ ስሜ ዲያቆን ሆኖ ቀረ።

እሷን መጀመሪያ ያየኋት ከወንዙ ማዶ አሸዋ ላይ ነው። ክብ፣ ዝርግ፣ ሰፌድ የሚያህል፣ ቡናማ ነገር ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። «ያ ቁርበት የማን ነው? አሸዋው ላይ ማን አሰጣው?» ብዬ ጠየቅሁ። አያ ደምሌ ጠጠር አንሥተው ወረወሩ። ቁርበቱ ተነሥቶ ሮጠ። እውነቴን ነው፤ ሮጠ። በአራት እግሩ አሸዋውን እየበተነ ውሃው ውስጥ ጥልቅ አለ። እኔ ጮኼ ከኋላዬ የነበረው ሚዛን ላይ ወደቅሁ።

«ኤሊ ናት» አሉኝ እየሳቁ። «የናንተ የደጋዋ ድንጋይ ልብሱ ናት። ይቺ ቁርበት ልብሷ ናት። ድንጋይ የለበሰ ምን ያስሮጠዋል? ቁርበት የለበሰ ግን ካልሮጠ ይበላል።»

ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠሯት። አያ ደምሌ እሷን ማየት ይወዱ ነበር። ጠዋት መረብ ከማንሣታቸው በፊት ጥልቀት የሌለውን ውሃ ያስተውላሉ። አሸዋ ውስጥ ራሷን ቀብራ፣ አንገቷን እንደ ዱላ ዘርግታ፣ የአፍንጫዋን ጫፍ ብቻ ከውሃው በላይ ታደርጋለች። አፍንጫዋ እንደ ሌላ ኤሊ ድፍጥጥ አይደለም፤ የመጠጫ ቀሰም የመሰለ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቱቦ ነው። የማያውቅ ሰው የደረቀ ሣር ይመስለዋል። «አየር ጠጣች» ይላሉ አያ ደምሌ ሲያዩዋት። የዚያን ቀን ፊታቸው በርቶ ይውላል።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ገና ጎድሎ ያልጠራበት ወቅት ነበር። አመሻሹ ላይ ከዳር ቆመን መረቡን ስናይ ገመዱ በአንድ በኩል ሰምጧል፤ ከበድ ያለ ነገር ይንጠዋል። ያ ሰዓት አዞ የሚወጣበት ነው፤ ሰው ውሃ አይገባም። አያ ደምሌ ገመዱን በእግራቸው ጣት ነክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። በእግር ጣት ነበር ገመድ የሚያነቡት።

«ቁርበት ልብሷ ናት» አሉ። «አሁን አልገባም። ነገ በብርሃን እንፈታታለን።»

«እስከዚያስ?»

«የውሃ ልጅ ውሃ ውስጥ ብታድር ምን ትሆናለች? ተደብቃ ከሥር ስትቆይ አይቻለሁ፤ ረጅም ነው ትንፋሿ።»

ያሉት ውሸት አልነበረም። ስታርፍ ከሥር ብዙ ትቆያለች። ስትታገል ግን ትንፋሿ እንደኛ ያልቃል። ያንን እኔም አላውቅ፣ እሳቸውም አያውቁም ነበር።

በማግሥቱ መረቡን ስንስበው ሞታ ነበር። አንገቷ ወደ ላይ ተዘርግቶ ቀርቷል። እንዲያ ያለ ረጅም አንገት እዚያ ገላ ውስጥ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም። የተጠመደችበት ገመድ ላላ ብሎ ቢሆን ኖሮ አፍንጫዋ ከውሃው በላይ ይወጣ ነበር፤ የቀራት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

አያ ደምሌ እጃቸውን ውሃ ነክረው፣ እንደ ሕያው ነገር ከላይዋ ላይ መረቡን ክር በክር ፈቱ። ቆርጠው መጣል ይችሉ ነበር። እኔም እጄን ነክሬ ረዳኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የነካኋት ያን ቀን ነው። ጀርባዋ መሐሉ ጠንካራ ነው፤ ከሥር አጥንት አለ። ወደ ዳር ስትሄጂ ግን እንደ እርጥብ ቆዳ ይታጠፋል፤ በጣቴ ሳነሣው መልሶ ተኛ። ቡናማው ላይ ፈዘዝ ያሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉበት፤ ሆዷ ነጣ ያለ ነው፤ ፀሐይ ነክቶት የማያውቅ። እግሮቿ እንደ ዳክዬ እግር በቆዳ የተያያዙ መቅዘፊያዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት፣ ሦስት ጥፍር። ከንፈር አላት። ኤሊ ከንፈር ይኖራታል ብሎ ማን ያስባል? ሥጋማ ከንፈር፣ የሚያኮርፍ ልጅ የመሰለ፣ የአፏን ስለት ሸፍኖታል።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ደምሌ። «ምን ትሆናለች ያልኩት እኔ ነኝ።»

አሸዋው ላይ ቀበርናት። ለሁለት ከበደችን።

ከዚያ ወዲህ መረባቸውን ለወጡት። ከላይኛው ገመድ የሚያንሳፍፈውን ቡሽ አበዙ፤ ከታች የሚያሰምጠውን ድንጋይ ቀነሱ፤ ገመዱንም ሳይወጥሩ ላላ አድርገው መጣል ጀመሩ። የተያዘ ሁሉ ቢታገል አፍንጫውን ይዞ መውጣት እንዲችል ነው። እንዲህ ያለ ልል መረብ ከሥሩ ዓሣ ያሾልካል። እትዬ ብርቄ ወርደው ሲያዩ እሳት ጎረሱ።

«ይህ የማን መረብ ነው? የዓሣ ነው የኤሊ?»

«የሁለቱም ነው፣ ብርቄ።»

«ኤሊው ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

«ምንም» አሉ አያ ደምሌ። እትዬ ብርቄ መቀነታቸውን አጥብቀው ወደ መኪናው ተመለሱ።

አያ ደምሌን የጎዳቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ወንዝ ዳር ያ ቀሰም አፍንጫ ዳግመኛ አልታየም። ጠዋት ጠዋት ያስተውላሉ፤ የለም። «የመጨረሻዋን ገድያት ይሆናል» አሉኝ አንድ ቀን፣ መረብ እየጠገኑ፣ ቀና ሳይሉ። ቁጥሩ ጠፍቷቸው ቋጠሮውን እንደገና ጀመሩ።

እኔ ወደ ዳንግላ ተዛወርኩ። እትዬ ብርቄ ሱቅ ውስጥ ፊሌቶ ማውጣት ተማርኩ፤ ቢላዋውን አከርካሪው ላይ አስተኝቶ በአንድ ትንፋሽ መጎተት ነው፤ ከቆምሽ ሥጋው ይቀደዳል። በጾም ወራት ደንበኛው ይበዛል፤ ክርክሩም ይበዛል። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው የማይነካ አለ፤ «ዓሣ መሆኑን ማን ያውቃል፣ እባብ ቢሆንስ» የሚል ደግሞ ነጩን ዓሣ እንኳ ዘመድ አስቀድሞ ነው የሚያስቀምሰው። ቀጥሎ ቆሰበር ሁለተኛ ሱቅ ሲከፈት እዚያ ተላክሁ። ቆሰበር በረዶ ሳጥን አያስፈልገውም፤ ከደጅ ማስቀመጥ ይበቃል።

ስልኩ የተደወለው እዚያ ሳለሁ ነው። እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ከዳንግላ።

«ነይልኝ! ሾፌሩ ኤሊ ጥሎብኝ ሄደ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለሆቴል ለግቢው ማድመቂያ ኤሊ አምጣልኝ ብሎ የዓሣ መኪናችንን ሾፌር አዞት ኖሯል። ሾፌሩ ጃዊ ካሉ ልጆች ተቀብሎ በጆንያ አመጣለት። ባለሆቴሉ ጆንያውን ሲከፍት፣ «ይህ ኤሊ አይደለም፤ ታሟል፤ ድንጋዩ የታለ?» ብሎ መለሰው። ሾፌሩም ለእትዬ ብርቄ ጥሎ እብስ አለ።

«ድንጋዩ ተገፍፎባት ነው መሰለኝ፤ ጀርባዋ ቆዳ ብቻ ነው» አሉኝ እትዬ ብርቄ። «ታሳዝናለች።»

«ከበለስ ናት? አፍንጫዋ ቀሰም ነው?»

«አዎ፤ አስቀያሚ ናት።»

«አይዞዎት፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ። ብቻ ውሃ እንዳታጣ፣ እትዬ!»

«ውሃማ እንዴት ትጣ።»

በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረስኩ። የእትዬ ብርቄ ግቢ የሰፈር ሴቶች ሞልተዋል። ኤሊዋ ከዛፉ ጥላ ሥር በደረቅ ጭድ ላይ በክብር ተኝታለች። ከፊቷ የታጠበ ጎመን ተከምሯል። ከጎመኑ አጠገብ፣ በሸክላ ሳህን፣ ውሃ።

«ከትናንት ጀምሮ ሦስቴ ቀየርኩላት» አሉ እትዬ ብርቄ። «አልጠጣ አለች። እንዳይበርዳት ብዬ ከሥሯም ጭድ ጨመርኩ።»

ምን እላቸዋለሁ? ኤሊ ተብለዋል፤ የሚያውቁት ኤሊ ጓሮ የሚዞረውን፣ ጎመን የሚበላውን ነው። ያላደረጉት ደግነት የለም። ያ ሁሉ ደግነት እየገደላት ነበር። የጀርባዋ ዳር እንደ ተሰጣ ቁርበት ተኮማትሯል፤ ነጭ ነጭ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ዓይኗ ተከድኗል።

አያ ደምሌ ጋ ደወልኩ። የጃዊ ኔትወርክ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

«አያ፣ ቁርበት ልብሷ ዳንግላ ናት።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ትተነፍሳለች?»

«እንጃ። ደርቃለች።»

«እርጥብ ጆንያ! ሁሉንም አልብሻት፤ አፍንጫዋን ግን እንዳትሸፍኚ። ዲያቆን፣ ትሰሚኛለሽ? አፍንጫዋን እንዳት…» ተቋረጠ።

እጄን ነከርኩ። ጆንያ አርሰን ከላይ አለበስናት። ከሥሯ ለማስገባት ግን መነሣት ነበረባት፤ እኔም ጓሮ ያለውን ኤሊ እንደማነሣ ከጎንና ከጎኗ ያዝኳት። አንገቷን እኮ አውቀው ነበር፤ ርዝመቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ረሳሁት። ከዚያ ከተሸበሸበ ቆዳ ውስጥ እንደ ጅራፍ ወጥቶ፣ ጀርባዋን ዞሮ፣ ጣቴ ላይ ደረሰ። ያ የሚያኮርፍ ከንፈር ተገለጠና ከሥሩ ያለውን ስለት አየሁት።

ሴቶቹ ጮኹ። እትዬ ብርቄ ማርያም ማርያም እያሉ ጣቴን በመቀነታቸው ጠመጠሙት። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ እስቅ ነበር።

«ምን ያስቅሻል፣ አንቺ እብድ!»

«ከነከሰችማ አለች!»

ሾፌሩን ከቁርስ ቤት አስጠሩት። «እኔ ምን አጠፋሁ፣ አምጣ አሉኝ አመጣሁ» ሲል እትዬ ብርቄ አላስጨረሱትም። «ያመጣሃትን ትመልሳታለህ። ተነሥ!» ጆንያው ቶሎ ቶሎ ሲደርቅባቸው ጊዜ አዲስ ነጠላ ከሳጥን አውጥተው ጀሪካን ውስጥ ነከሩት። «ለልጄ ሠርግ ያስቀመጥኩት ነው» አሏት ኤሊዋን እያለበሷት። «ሞተሽ ብታሳፍሪኝ አልምርሽም።» ከእኛ ጋር ከኋላ ተጭነው እስከ ጃዊ ድረስ ውሃ ሲያፈሱ፣ በጃንጥላቸው ሲያጠልሉ ሄዱ። አንድ ኬላ ላይ አስቆሙን።

«ምን ጭናችኋል?»

«በሽተኛ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ሐኪም ቤቱ ወደ ላይ ነው፣ እማማ። ወደ ታች ለምን?»

«የእሷ ሐኪም ታች ነው።»

ሰውዬው ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ መልሶ ሸፈነ፤ ሂዱ አለን።

አያ ደምሌ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ጉልበታቸው ከድቷቸው ውሃ መግባት ካቆሙ ቆይተዋል። መኪናው ሲቆም መጀመሪያ እጃቸውን ነከሩ፤ ከዚያ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ወደ እሷ መጡ። የጀርባዋን ዳር በጣታቸው ዙሪያውን ሄዱበት። ሦስቱን ጥፍሮች ነኩ። አራታችን በነጠላው ይዘን ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አስቀመጥናት።

አልተነቃነቀችም። ውሃው የጀርባዋን ዳር ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ እሷ አይደለችም፣ ውሃው ነው። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ መቅዘፊያ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀስ ብላ እንደምትሰምጥ ሳህን ወደ ጥልቁ ጠፋች።

«ገባች! ተመስገን!» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ገባች ማለት ዳነች ማለት አይደለም» አሉ አያ ደምሌ። «ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አልን። እኔ እንኳ ቁጭ አልኩ። ሾፌሩ ልሂድ ሊል አፉን ከፈተና እትዬ ብርቄን አይቶ ዘጋው። ጣቴ ይመታል። አያ ደምሌ ዓይናቸው ውሃው ላይ ነው፤ ትንፋሻቸውን የያዙ መሰለኝ፤ አብረዋት የጠለቁ።

ከሸምበቆው አጠገብ አንድ ደረቅ ሣር ቆሟል። ቀድሞ አልነበረም።

እኔ በጣቴ ላሳይ ስል አያ ደምሌ እጄን ያዙኝ። እጃቸው እርጥብ ነበር። «አየር ጠጣች» አሉ፣ በሹክሹክታ፤ እሳቸውም በረጅሙ ተነፈሱ። የመጨረሻዋን አልገደሉም። እትዬ ብርቄ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው ስለ ነጠላው ማጉረምረም ጀመሩ። ማልቀሳቸውን እንዳናይ ነው።

ጣቴ ዳነ፤ ቢላዋ መያዝ ግን እምቢ አለ። በረዶ ሲነካውማ እስከ ክንዴ ያመኛል። እኔም አንድ ሱቅ ውስጥ መቆም ሰልችቶኝ ነበር፤ መቼም ምክንያት ሲገኝ ደስ ይላል። ባጃጁን ለመግዛት እትዬ ብርቄ አገዙኝ፤ እንደ ልማዳቸው እየተሳደቡ።

ባለፈው ሳምንት አያ ደምሌ ለጉልበታቸው ሕክምና ቆሰበር መጡ። ዝናብ ነበር፤ እዚህ መቼ የለም። ከመናኸሪያ ተቀበልኳቸውና ደግፌ ላስገባቸው ስል አልቸኮሉም። ዝናቡ ላይ ቆመው የባጃጁን ሸራ ዳር በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ወደ ላይ አነሡት፤ ለቀቁት፤ መልሶ ተኛ። ጎንበስ ብለው ጎማዎቹን አዩ።

«ሦስት ጥፍር» አሉ። «አፍንጫዋም ሹል ነው። ዲያቆን፣ ይቺስ ሸራ ልብሷ ናት።»

«ትሮጣለችም፣ አያ።»

ገብተው ተቀመጡ። እንዳይበርዳቸው ብዬ የጎኑን መጋረጃ ወርውሬ ዘጋሁትና በደንብ ሸበብኩት። ሞተሩን ሳስነሣ ከኋላዬ ትከሻዬን ነኩኝ።

«እሱን ትንሽ ግለጪው» አሉኝ። «አየር ልጠጣ።»